የድሮ ሃይሉክስ ከሌባ እንዲጠበቅ ሞተሪኖውን መቁረጥ ይበቃል?

ጥያቄው፦ «በፈረንጆች 1996 የተሠራ ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ። ሞተሩ 3ኤል ናፍጣ ነው። ቀን ሾፌር ለሱቄ የግንባታ ዕቃ ያመላልስበታል። ማታ ሰሚት ከተከራየሁት ቤት በር ላይ፣ መንገድ ዳር ያድራል፤ ግቢው መኪና አያስገባም። ባለፈው ወር የጎረቤቴ ፒካፕ ሌሊት ከበሩ ላይ ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መካኒኬ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) የሚቆርጥ ድብቅ ስዊች ልግጠምልህ አለኝ። ወንድሜ ጂፒኤስ ይበቃል ይላል። ባለቤቴ አላርም ትላለች። እኔ ለጊዜው ማታ ማታ የባትሪውን ገመድ እነቅላለሁ። መኪናው አርጅቷል፣ ማን ይፈልገዋል ብዬ ብዙ ብር ማውጣትም ከበደኝ። አንዱን ምረጥ ብትባል የቱን ትመርጣለህ?»

ሞተሪኖውን አትቁረጥ። የምትቆርጥ ከሆነ ናፍጣውን ቁረጥ። «ከምንም ይሻላል» እንዳትለኝ። የማይጠብቅህን ነገር ተማምነህ በር ላይ ማሳደር ምንም ካለመግጠም ይብሳል፣ ያዘናጋል። መኪናህ ማርሹ ማንዋል ነው። ሞተሪኖ ደግሞ ለሞተሩ የሚሰጠው የመጀመሪያዋን ዙር ብቻ ነው። ያቺን ዙር ሁለት ሰውና ትንሽ ቁልቁለትም ይሰጡታል። ሁለተኛ ማርሽ ያስገባሉ፣ ይገፋሉ፣ ፍሪሲዮን ይለቃሉ፣ አለቀ።

ይህን በሰው ንብረት ነው የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ደንበኛ ልክ መካኒክህ ያለህን ስዊች ገጠምኩለት። ከወንበሩ ሥር ደበቅኩት፣ ሽቦውን አሳምሬ ጠቀለልኩት፣ ሰውየውም ደስ ብሎት ሄደ። ቤቱ ዳገት ላይ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናው ከበሩ ላይ ጠፋ። ዘበኛው የሰማው የጎማ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሞተሩ የተነሳው ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ነው። ስዊቹ ሥራውን ሠርቷል፣ ሞተሪኖው አልዞረም። ግን ሌባው ሞተሪኖ አላስፈለገውም። መኪናው እስከ ዛሬ አልተገኘም፣ እኔም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ በኋላ ሞተሪኖ ብቻ የሚቆርጥ ስዊች ለማንም ገጥሜ አላውቅም።

ምክንያቱን ልንገርህ። የቤንዚን ሞተር ካንዴላው እሳት ካልሰጠ አይሠራም። ናፍጣ ካንዴላ አይጠብቅም። አየሩ ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ በጣም ይግላል፣ ናፍጣው የሚነደው በዚያ ግለት ነው። ጠዋት የምታያት ማሞቂያ በብርድ ለማስነሳት ብቻ ናት፣ ሞተሩ ከሞቀ አያስፈልጋትም። ስለዚህ እንደ አንተ ያለ የድሮ ናፍጣ ሞተር አንዴ ከዞረና ነዳጅ ካገኘ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ በሚገፋው ፖምፓ ላይ ሶሎኖይድ የምትባል፣ በኤሌክትሪክ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ መዝጊያ አለች። ቁልፉን ስትከፍት 12 ቮልት በአንድ ሽቦ ይደርሳታል፣ ትከፈታለች፣ ናፍጣ ያልፋል። ቁልፉን ስትዘጋ ትዘጋለች፣ ሞተሩ ይጠፋል። ያቺ ሽቦ ከተቆረጠች ቢገፉት፣ ቢጎትቱት፣ ሌላ ባትሪ ቢያመጡለት አይነሳም። ልትጠብቀው የሚገባው እሱን መስመር ነው።

አሁን አገጣጠሙ ላይ እንምጣ፣ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ሶሎኖይዷ የምትወስደው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው፣ ወደ አንድ አምፔር ገደማ። ስለዚህ ትልቅ ስዊች አያስፈልግም፣ ትንሽ ነገር መደበቅ ይቻላል። ስዊቹን ከመሪው ሥርና ከወንበሩ ሥር አታድርገው። ሌባ መጀመሪያ የሚዳስሰው እዚያ ነው፣ እኔም ድሮ የደበቅኩት እዚያ ነበር። እኔ የምወደው ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መኪናው ላይ ያለች ግን አሁን የማትሠራ ማብሪያ መጠቀም ነው። የድሮ ሃይሉክስ ላይ ለተጨማሪ መብራት የተገጠመች፣ መብራቱ ከወለቀ በኋላ ዝም ብላ የተቀመጠች አንዲት ማብሪያ አትጠፋም። ዓይን ላይ ስለሆነች ማንም አይጠረጥራትም። ሁለተኛው በማግኔት የምትሠራ ስዊች ከፕላስቲኩ ጀርባ አጣብቆ ማግኔቱን ከቁልፍ መያዣህ ጋር ማንጠልጠል ነው። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ማግኔቱን ቦታው ላይ ስታስጠጋ ሪሌዩ (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ) ይይዛል፣ ቁልፉን እስክትዘጋ ድረስም ይዞ ይቆያል። ሁለቱም ላይ ስዊቿ የት እንዳለች የሚያውቀው ሰው ቁጥር ከሦስት እንዳይበልጥ።

መኪናህ 30 ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ ሽቦውም እንደዚያው። ሰውየው መስመሩን ቆርጦ በጣቱ ጠምዝዞ፣ ፕላስተር ጠቅልሎ ከሄደ አትቀበለው። መገጣጠሚያው በስታኞ ይበየድ፣ መስመሩ ላይ ፊውዝ ይግባ፣ ሽቦው ከብረት ጋር በሚፋተግበት ቦታ ጎማ ይልበስ። አሁን የገባው ሽቦ ቀለሙ ከድሮው ጋር ይመሳሰል። ጥቁርና ቆሻሻ ሽቦ መሀል አንድ አዲስ ቀይ ሽቦ ካበራ ሌባውን እዚህ ፈልግ እያልከው ነው።

አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል፣ አልደብቅህም። የሚያውቅ ሌባ ኮፈኑን ከፍቶ ለሶሎኖይዷ በሌላ መንገድ ኤሌክትሪክ ሊሰጣት ይችላል። መከላከያው ሁለት ነው። ሶሎኖይዷ ያለችበትን የፖምፓውን ጫፍ በወፍራም ላሜራ መሸፈን፣ ከዚያም ኮፈኑን መቆለፍ። ሽፋኑን ጎበዝ በያጅ ልኩን ወስዶ ይሠራዋል። ብየዳው ግን ውጭ አልቆ ይምጣ፣ መኪናው ላይ በብሎን ብቻ ይታሰር። ፖምፓውና የነዳጅ ቱቦው አጠገብ እሳት ማምጣት እብደት ነው። ባትሪው ሳይነቀል መኪና ላይ መበየድ ደግሞ ዲናሞውን ሊያቃጥል ይችላል። ብሎኖቹ በተራ ቁልፍ የማይፈቱ ይሁኑ፣ የሚፈታቸውን ቁልፍ ቤትህ አስቀምጥ። ለዘላለም በይደው የሚል ካጋጠመህ እንቢ በለው። ሶሎኖይድ ራሷ አንድ ቀን ትበላሻለች፣ ያኔ አዋሽ መንገድ ላይ ሽፋን ስትፈልጥ እንዳታድር። ኮፈኑ ደግሞ የሚከፈተው ከጋቢናው ውስጥ በሚሳብ ገመድ ነው። ጋቢናው ውስጥ የገባ ሰው ኮፈኑን አገኘ ማለት ነው። ከፊት በኩል በራሱ ቁልፍ የሚዘጋ ተጨማሪ መቆለፊያ ይግባለት።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። መኪናው እየሄደ ሞተሩን የሚያጠፋ ነገር ፈጽሞ አታስገጥም። ብዙ ጂፒኤስ ሻጮች «በስልክህ ካለህበት ሆነህ መኪናውን ታቆመዋለህ» እያሉ ነው የሚሸጡት። በአንተ ሞተር ላይ ፍሬኑን የሚያቀለው የአየር ፓምፕ ዲናሞው ላይ ነው ያለው፤ ሞተሩ ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ከያዝክ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪህ በፓወር ከሆነ እሱም ይከብዳል። ብረት የጫነ ፒካፕ የጣርማ በርን ቁልቁለት ሲወርድ ይህ ቢደርስ አስበው። ሌባው ብቻ አይደለም የሚሞተው፣ ከፊት የሚመጣ ሚኒባስ አለ፣ እግረኛ አለ። መሣሪያው ሞተር መቁረጫ ካለው መኪናው ከቆመ በኋላ ዳግም እንዳይነሳ ብቻ ተደርጎ ይገጠም። ገጣሚው ይህን ማድረግ አልችልም ካለህ መቁረጫ ሽቦውን ጭራሽ አያገናኘው።

የናፍጣ ቱቦው ላይ በእጅ የሚዘጋ ቧንቧ እናድርግልህ የሚሉም አሉ። አልመክርህም። ፊልትሮውና ፖምፓው ውስጥ ያለው ናፍጣ ስለሚቀር ሞተሩ ይነሳል፣ ትንሽ ከሄደ በኋላ መሀል አስፋልት ላይ ይጠፋል። ሌባው ጥሎት ሊሄድ ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ያ ቧንቧ ከጊዜ በኋላ አየር መሳብ ይጀምራል። አየር የሚስብ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ጠዋት ጠዋት ስንቴ እንደሚያስለምንህ ታውቀዋለህ።

የባትሪውን ገመድ መንቀሉን ተወው። መንቀል አምስት ሰከንድ ከፈጀብህ መልሶ መጫንም ለሌባው አምስት ሰከንድ ነው። በየቀኑ ስትፈታና ስታስር ደግሞ መያዣው ይላላል፣ ከዚያ መኪናው በራሱ መንገድ ላይ መጥፋት ይጀምራል። የባትሪ ማቋረጫ ከፈለግክ መፍቻው የሚነቀለውን ዓይነት ግዛ፣ እሱም ተጨማሪ እንጂ ዋና መከላከያ አይሁንህ። ሞተሩ እየሠራ እንዳታቋርጠው፣ ዲናሞው ይጎዳል።

«መኪናው አርጅቷል፣ ማን ይፈልገዋል» ያልከው ግን ትልቁ ስህተትህ ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው የድሮ መኪና ዋጋው አልወረደም። 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል የሚባሉት ሞተሮች ደግሞ ሃይሉክስ ላይ ብቻ አይደሉም፣ የታክሲ ሃይሩፎችና ሃይኤሶችም ላይ አሉ። ፖምፓው፣ ቴስታው፣ ዲናሞው ሁሉ ፈላጊ አለው። ሌባ መኪናህን እንደ መኪና መሸጥ አይጠበቅበትም፣ አፈራርሶ ሊሸጠው ይችላል። በዚያ ላይ ቁልፍህ ቺፕ የለውም። አዲስ መኪና ቁልፉን ራሱ ያውቀዋል፣ ካላወቀው ሞተሩ አይነሳም። የአንተ መኪና ግን ብረቱ ከዞረለት ማን እንዳዞረው አይጠይቅም።

ቁልፉን ካነሳን፣ ከሁሉም ነገር ርካሽና ከሁሉም የተረሳው ሥራ እዚህ አለ። ኳድሮህን፣ ማለትም ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበትን ማስነሻ ቀይር። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጡ ያሉት ትናንሽ ብረቶች አልቀዋል። ቁልፉን ከፍተህ ሞተሩ እየሠራ መንቀል ከቻልክ አልቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለቀ ኳድሮ በሌላ ቶዮታ ያረጀ ቁልፍ፣ አንዳንዴም በካቻቢቴ ይዞራል። ደግሞ አስበው፣ አንተ መኪናውን ስትገዛ ስንት ቁልፍ ተረከብክ? ከአንተ በፊት ስንት ባለቤትና ስንት ሾፌር ነድቶታል? ላቫጆ ላይ ስንት ጊዜ ቁልፉን ሰጥተህ ሻይ ጠጥተሃል? ቁልፍ ማስቀረጽ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። አዲስ ኳድሮ ከበር ቁልፎቹ ጋር፣ እስከነማሸጊያው ግዛ። ሶማሌ ተራ ሄደህ ያገለገለ ኳድሮ ከነቁልፉ ብትገዛ ሁለተኛው ቁልፍ ማን ኪስ እንዳለ አታውቅም። ለሌላ ዕቃ ሶማሌ ተራ ሂድ፣ ለቁልፍ ግን አይሆንም። ከዚያ ቀጥሎ ለላቫጆና ለጋራዥ የምትሰጠው ቁልፍ የቤት ቁልፍህ የታሰረበት አይሁን፣ ማግኔቱንም ነጥለህ ያዘው።

ከድብቁ ቀጥሎ የሚታይ መቆለፊያ ያስፈልግሃል። እኔ የማርሽ መቆለፊያን ከመሪ መቆለፊያ አስበልጣለሁ። የድሮ ሃይሉክስ መሪ ክቡ ውስጡ ቀጭን ብረት ነው፣ ሰጌቶ ያለው ሰው ክቡን ቆርጦ መቆለፊያውን ያወጣዋል። የማርሽ መቆለፊያ ግን ከወለሉ ብረት ጋር ታስሮ ማርሹን ኋላ ማርሽ ላይ ይይዘዋል። ሌባው ሞተሩን እንኳ ቢያስነሳ ከኋላ ማርሽ ውጭ የሚሄድበት የለም። ስታቆም ጀርባውን ወደ ግድግዳው አድርገህ አቁም፣ ጎማውን አጣምመው። ያኔ ለመውጣት የግድ ድምፅ ያሰማል። መቆለፊያው ወለሉ ላይ የሚታሰርበት ብሎን ከሥር ተጋልጦ እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቅ፤ ከመኪናው ሥር ገብቶ ፈትቶ የሚወጣ አለና ጭንቅላቱ በተራ ቁልፍ የማይፈታ ይሁን። የመሪ መቆለፊያ ካለህ አትጣለው። ከውጭ ስለሚታይ ሰነፉን ሌባ ወደ ሌላ ይመልሰዋል።

ወንድምህ ያለው ጂፒኤስ ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መኪናው ከተወሰደ በኋላ የት እንዳለ ይነግርሃል እንጂ እንዳይወሰድ አያደርግም። የሚሠራው በኢትዮ ቴሌኮም ወይም በሳፋሪኮም ሲም ነው። ሲሙ ሂሳብ ካለቀበት ወይም ረጅም ጊዜ ሳይሞላ ቆይቶ ከተዘጋ የገጠምከው ዝም ያለ ፕላስቲክ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ስትሞላ ራስህ ደውለህ ወይም መልእክት ልከህ እንደሚመልስ አረጋግጥ። ከቻይና የሚመጡት ርካሾቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የይለፍ ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ 123456 ወይም 0000 ነው። ብዙ ገጣሚ እንደዚያው ይተወዋል። የሲሙን ቁጥር ያወቀ ሰው ሁሉ መኪናህን ሊያይብህ፣ መቁረጫም ካለው ሊያጠፋብህ ይችላል። የይለፍ ቁጥሩን የምትቀይረው አንተ ነህ፣ ገጣሚው ፊት አይደለም። ሬዲዮው ጀርባ አይሁን፣ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው። ጣራው ብረት ስለሆነ አንቴናው ሰማይ የሚያይበት፣ ከፕላስቲክ ሥር የሆነ ቦታ ይፈለግለት። የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለውን ምረጥ፣ ሌባው ባትሪህን ቢነቅል እንኳ ለጥቂት ሰዓት ይናገራል። የባትሪ ማቋረጫ ካስገጠምክ ደግሞ ጂፒኤሱ ከማቋረጫው በፊት ይገናኝ። ስለ ባትሪህ አትጨነቅ፦ 30 ሚሊአምፔር የሚወስድ መሣሪያ በቀን 0.72 አምፔር ሰዓት ነው የሚበላው። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ምንም አይደለም። ወር ሙሉ ቆሞ ከከረመ ግን ወደ 22 አምፔር ሰዓት ይሆናል፣ ባትሪው የደከመ ከሆነ ያን ጠዋት ሞተሩን አያስነሳም።

ሲጠፋ ጂፒኤሱን እያየህ ብቻህን ተከትለህ እንዳትሄድ። 991 ደውለህ ፖሊስ ይዘህ ሂድ። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምነግርህ።

አላርሙን መጨረሻ ላይ አድርገው። ሰፈርህ ሌሊት ስንት አላርም እንደሚጮህ ታውቃለህ፣ ማን ተነስቶ ያያል? ድመት ስትዘል የሚጮህ አላርም በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቱ ራሱ «አጥፋልን» ይልሃል። በዚያ ላይ ርካሽ አላርም የሚገጠመው የድሮውን ሽቦ በየቦታው እየቆረጡ ነው፣ እኔ ጋ ከሚመጡት የሽቦ ችግሮች ብዙዎቹ ከአላርም የተነሱ ናቸው። ያንን ገንዘብ በር ላይ ጥሩ መብራት ብታደርግበት ይሻልሃል። ከሰፈሩ ዘበኛ ጋርም ተነጋገር። ስልክ ቁጥሩ ይኑርህ፣ የአንተም ለእሱ ይኑረው፣ ሌሊት መኪናህን የሚነካ ሰው ቢያይ «ሾፌሩ ነው» ብሎ እንዳያልፍ ማን ብቻ እንደሚነዳው ያውቅ።

ደግሞ ከሙሉው መኪና ይልቅ ቁርጥራጩ የሚሰረቅበት ሌሊት ይበዛል። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ባትሪ፣ ከካሶኒው ሥር ያለው ስኮርታ ጎማ። ስኮርታውን በሰንሰለት እሰረው። ባትሪው ላይ የብረት ማቀፊያ ከነቁልፉ ይደረግ። የነዳጅ ታንከሩ ክዳን የሚቆለፍ ይሁን፣ ናፍጣ በቱቦ የሚስቡ አሉ። ስፖኪዮና መስታወቶቹ ላይ የታርጋ ቁጥርህን አስቀርጽ፣ የተቀረጸበት ዕቃ ለሌባው ዋጋው ይወርድበታል። የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ዛሬውኑ በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ ዝገት ከሸፈነው አጽዳው እንጂ በፋይል እንዳትነካው፣ የተነካ ቁጥር ራስህን ያስጠረጥርሃል። መኪናው ላይ አንተ ብቻ የምታውቀው አንድ ምልክት ይኑር፣ ለምሳሌ በሩ ውስጥ ፕላስቲኩን ገልጠህ የጻፍከው ነገር። ተፈራርሶ ቢገኝ እንኳ የእኔ ነው ማለት የምትችለው በዚያ ነው።

ሾፌርህን ስላነሳህ አንድ ነገር። በሰው ላይ ጥርጣሬ ዝራ እያልኩህ አይደለም፣ ብዙ ሾፌር ከባለቤቱ በላይ ለመኪናው ይሳሳል። ግን የመጀመሪያው የመረጃ ምንጭ ሁልጊዜ ሰው ነው። ቁልፍ ማታ ማታ አንተ ጋ ይደር። ሾፌር ሲለቅ በሰላምም ይሁን በጠብ የስዊቿን ቦታ ቀይር፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። መታወቂያውን፣ የመንጃ ፈቃዱን ኮፒና ተያዡን ያዝ። ዋናውን ሊብሬ መኪናው ውስጥ አታሳድር። ለሾፌሩም ይህን ንገረው፦ የማያውቀው ሰው አመሻሽ ላይ ከከተማ ዳር ዕቃ አለኝ ብሎ ቢጠራው አይሂድ። ቢላ ወይም መሣሪያ ያወጣበት ካለ ደግሞ ቁልፉን ሰጥቶ ይውረድ። ስዊቿን ጠይቀውት ደብቆ እንዳይሞት፣ ይንገራቸው። መኪናው ብረት ነው፣ እሱ የሰው ልጅ ነው። ይህን አንተ በአፍህ ካልነገርከው ላንተ ብሎ ሊጋፈጥ ይችላል።

ኢንሹራንስ አለኝ ብለህ ከሆነ የምትተኛው ውሉን አውጥተህ አንብበው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግድ የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። እሱ የሚከፍለው በመኪናህ ለተጎዳ ሌላ ሰው እንጂ ለተሰረቀ መኪናህ አይደለም። ስርቆትን የሚሸፍነው ሙሉ የሚባለው ነው። ለድሮ መኪና ሙሉ መድን የሚሰጥህ ካገኘህ ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ መኪናው የተገመተው ዛሬ ባለው ዋጋ ነው ወይስ የዛሬ አምስት ዓመት በነበረው? 2 ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በ900 ሺህ ከተመዘገበ ቢጠፋ ከ900 ሺው በላይ አታገኝም፣ ከዚያም ተቀናሽ አለ። ሁለተኛ፣ ቁልፍ መኪናው ላይ ተትቶ ቢሰረቅ ምን ይላል? ሾፌሮች ሲያራግፉ ሞተሩን እየሠራ ትተው ይወርዳሉና መልሱን ሾፌርህም ይስማው።

አንዱን ምረጥ ካልከኝ ምርጫዬ ግልጽ ነው፦ ሶሎኖይዷ ላይ በደንብ የተሠራ ድብቅ ማቋረጫ ከነላሜራ ሽፋኑ። በዚህ ወር ለእሱና ለአዲስ ኳድሮ ክፈል። በሚቀጥለው ወር የማርሽ መቆለፊያውን ጨምር፣ ከተረፈህ ጂፒኤሱን። እስከዚያ ድረስ በአቅራቢያህ አጥርና ጠባቂ ያለው ማሳደሪያ ካለ ማታ ማታ እዚያ አሳድረው፣ የወሩ ክፍያ ይቆጭህ ይሆናል እንጂ ትተኛለህ። ይህ ሁሉ የማያቆመው አንድ ነገር አለ፣ እሱም መኪናውን ጎትቶ ወይም ጭኖ የሚወስድ ሌባ ነው። ለዚያ ያለህ ግድግዳ፣ የተጣመመ ጎማ፣ ዘበኛና ጂፒኤሱ ብቻ ናቸው።

ሥራው ሲያልቅ ገጣሚውን ወዲያው አትክፈለው። ስዊቿ የት እንዳለች የማያውቅ ሌላ መካኒክ ጥራ። ቁልፉን ስጠውና በ15 ደቂቃ ውስጥ አስነሳው በለው፤ ይግፋ፣ ኮፈን ይክፈት፣ እንደፈለገ ይሞክር። አንተ አጠገቡ ቆመህ እጁ መጀመሪያ የት እንደሚሄድ ተመልከት። ካስነሳው የት እንደገባ ያሳይህ፣ ገጣሚው እሱን ቀዳዳ ይድፈንና እንደገና ይሞከር። ሁለተኛው መካኒክ ላቡን ጠርጎ ቁልፉን ሲመልስልህ ያኔ ክፈል።